ዲስኬ የተሰካው በስንት ፍጥነት ነው? ስለ ማዘርቦርድ ፖርቶች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር አካል የሌለው ፈጣን ዲስክ) ገዝቶ፣ ገጥሞ፣ «ፈጣን ነው ያሉኝ ይሄንን ነው እንዴ?» ያለ ሰው ብዙ ነው። አንዱ እኔ ነበርኩ። አዲሱን ኤስኤስዲ አንድ አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ፣ የድሮው ሃርድ ዲስክ ከተነቀለበት ፖርት ላይ ሰካሁት። ፍጥነቱን ስለካ በሰከንድ ከ270 ሜጋባይት ንቅንቅ አልል አለ። ፎርጅድ ሸጡልኝ ብዬ ደረሰኙን መፈለግ ጀምሬ ነበር። ለካ ዲስኩ ጤነኛ ነው። ፈጣኑ ፖርት ሁለት ጣት ያህል እልፍ ብሎ ባዶውን ተቀምጧል። ገመዱን ነቅዬ እዚያ ሰካሁት፤ ፍጥነቱ እጥፍ ሆነ። አምስት ሳንቲም አላወጣሁም።

ከዚያ ወዲህ ዘመድም ጎረቤትም ስለዚሁ ነገር ይጠይቀኛል። ጥያቄዎቹ ስለሚደጋገሙ መልሱን አንድ ቦታ ጽፌ ማስቀመጥ ይሻላል ብያለሁ።

ሳታ 1፣ ሳታ 2፣ ሳታ 3 የሚባለው ምንድን ነው? ፖርቱ ሁሉ አንድ ዓይነት አይደለም እንዴ?

ሲያዩት አንድ ነው። ችግሩም እሱ ነው።

ሳታ ዲስኩን ከማዘርቦርዱ፣ ማለትም ከኮምፒውተሩ ዋና ሰሌዳ፣ ጋር የሚያገናኘው መስመር ነው። ከሱ በፊት አይዲኢ የሚባል፣ እንደ ጥብጣብ የተዘረጋ ሰፊ ገመድ ነበረ። የሱ አቅም በሰከንድ 133 ሜጋባይት ላይ አበቃ። እ.ኤ.አ. በ2003 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶችም እንዲሁ እ.ኤ.አ. ናቸው) የመጀመሪያው ሳታ በ1.5 ጊጋቢት መጣ። ሁለተኛው ትውልድ ወደ 3 ጊጋቢት አሳደገው። ሦስተኛው በ2009 6 ጊጋቢት ይዞ ወጣ። ከዚያ ወዲህ የሳታ ፍጥነት እዚያው ቆሟል፤ አምራቾቹ ፊታቸውን ወደ ኤንቪኤምኢ፣ ማለትም ፒሲአይ ኤክስፕረስ በሚባል የበለጠ ፈጣን መስመር ላይ ወደሚሠሩ ዲስኮች፣ አዙረዋል።

ሦስቱም ትውልዶች መሰኪያቸው አንድ ነው። አዲስ ዲስክ አሮጌ ፖርት ላይ ይገባል፣ ይሠራልም። ዲስኩና ፖርቱ ሲገናኙ መጀመሪያ ይደራደራሉ፤ ቀርፋፋው በሚችለው ፍጥነት ይስማማሉ። ማስጠንቀቂያ የሚባል ነገር የለም። ለዚህ ነው ሰው ሳያውቀው ዓመት ሙሉ በግማሽ ፍጥነት የሚሠራው።

6 ጊጋቢት ከሆነ ለምን 600 ሜጋባይት ይሉታል? ሒሳቡ አልገባኝም።

መስመሩ የሚለካው በቢት ነው፤ ፋይላችንን የምንለካው በባይት። አንድ ባይት 8 ቢት ስለሆነ ለ8 ማካፈል ይበቃን ነበር። ሳታ ግን እያንዳንዱን 8 ቢት በ10 ቢት ጠቅልሎ ነው የሚልከው፤ ትርፉ መስመሩን ለማመሳሰል ይውላል። ስለዚህ ለ10 አካፍሉ። 1.5 ጊጋቢት 150 ሜጋባይት ይሆናል፣ 3 ጊጋቢት 300፣ 6 ጊጋቢት 600።

ይሄ ጣሪያው ነው። በተግባር ጥሩ የሳታ ኤስኤስዲ ሳታ 3 ላይ 550 አካባቢ፣ ሳታ 2 ላይ ከ260 እስከ 280 ገደማ ያነባል። የናንተ ቁጥር ከነዚህ ወደ አንዱ ከተጠጋ በየትኛው መስመር ላይ እንዳላችሁ ገና ኬዙን ሳትከፍቱ መገመት ትችላላችሁ።

በነገራችን ላይ ጊጋባይት የሚባል የማዘርቦርድ አምራች መኖሩ ነገሩን ከማምታታት በቀር የፈየደልን የለም።

ኬዙን ሳልከፍት አሁን በስንት እንደተሰካ ማየት እችላለሁ?

ትችላላችሁ። ዊንዶውስ ላይ ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። ክፈቱትና «ትራንስፈር ሞድ» የሚለውን መስመር ፈልጉ። እዚያ በአንድ ቀጥ ያለ መስመር የተለዩ ሁለት ቁጥሮች አሉ፤ ለምሳሌ በግራ «ሳታ/300»፣ በቀኝ «ሳታ/600»።

የግራው አሁን የተስማሙበት ፍጥነት ነው። የቀኙ ዲስኩ ራሱ የሚችለው። ሁለቱም 600 ከሆኑ ኮምፒውተሩን ተዉትና ቡናችሁን ጠጡ። ግራው 300፣ ቀኙ 600 ከሆነ ዲስኩ ታፍኗል፤ እኔን የገጠመኝ ይሄ ነው። ሁለቱም 300 ከሆኑ ዲስኩ ራሱ የድሮ ነው፣ ፖርት ብትቀያይሩም የሚመጣ ለውጥ የለም።

አንዳንዴ በቁጥሩ ፈንታ ሰረዝ ብቻ ይታያል። ዲስኩ በዩኤስቢ ሲሰካ ወይም ባዮሱ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው የቦርዱ ፕሮግራም) ሬይድ (ብዙ ዲስክን እንደ አንድ የማሠሪያ ስልት) ላይ ሲሆን እንዲህ ያጋጥማል።

ሊኑክስ የምትጠቀሙ ከሆነ የከርነሉን መዝገብ ክፈቱና «ሳታ ሊንክ አፕ» የሚለውን ፈልጉ። አጠገቡ 1.5፣ 3.0 ወይም 6.0 ተብሎ ይጻፋል። እዚያው ቅንፍ ውስጥ ባለ ሦስት አሃዝ ቁጥር አለ፤ 113፣ 123 ወይም 133። መካከለኛው አሃዝ የሳታውን ትውልድ ነው የሚነግራችሁ። ማንም ልብ አይለውም፣ እኔ ግን መጀመሪያ የማየው እሱን ነው።

ሳታ ያላቸው የድሮ ማኮች ላይ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ውስጥ ገብታችሁ ሳታ የሚለውን ምረጡ። የፖርቱ አቅምና የተስማሙበት ፍጥነት ለየብቻ ተጽፈው ታገኛላችሁ።

ማዘርቦርዴ እስከ ስንት እንደሚችልስ በምን አውቃለሁ?

በሞዴል ስሙ። ዊንዶውስ ላይ መፈለጊያው ውስጥ «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብላችሁ ጻፉ፤ የሚከፈተው ገጽ ላይ «ቤዝቦርድ ፕሮዳክት» የሚል መስመር አለ። ያንን ስም ይዛችሁ አምራቹ ድረ ገጽ ላይ የቦርዱን ማንዋል አውርዱ። ማንዋሉ ውስጥ የቦርዱ ሥዕል አለ፤ እያንዳንዱ ፖርት ስንት እንደሚችል እዚያ ተለይቶ ተጽፏል።

የዴል፣ የኤችፒ፣ የሌኖቮ የቢሮ ዴስክቶፖች ላይ ግን የቦርዱ ስም ብዙ ጊዜ ትርጉም የማይሰጥ የፊደልና የቁጥር ድርድር ነው። እዚያ ጊዜ ሲፒዩ ዚ የሚባለውን ፕሮግራም ክፈቱ። «ሜይንቦርድ» የሚለው ገጽ ላይ ቺፕሴቱን ያሳያችኋል። ፖርቶቹን የሚያንቀሳቅሰው ቺፕሴቱ ስለሆነ እሱን ማወቅ ግማሽ መንገድ ነው።

ቺፕሴቱን አገኘሁት። ምን ማለት ነው?

እኛ አገር ገበያ ላይ ካሉት ያገለገሉ ዴስክቶፖች ውስጥ ኢንቴሎቹ ስለሚበዙ ከነሱ ልጀምር።

ኤች61 ካላችሁ አትድከሙ። አራት ፖርት ነው ያለው፣ አራቱም 3 ጊጋቢት። ኤች67፣ ፒ67፣ ዜድ68፣ ኤች77፣ ዜድ77 እና ኪው77 ከሆነ ሁለት ባለ 6 እና አራት ባለ 3 ፖርት ይፈቅዳሉ። ቢ75 ፈጣን ፖርቱ አንድ ብቻ ነው፤ እሱን ለኤስኤስዲው አስቀምጡለት። ቀጥሎ የመጣው ኤች81 ሁለት በሁለት ነው፣ ቢ85 አራት ፈጣንና ሁለት ቀርፋፋ፣ ዜድ87 ደግሞ ስድስቱም ፈጣን። በ2015 ከወጣው የ100 ተከታታይ ወዲህ ያሉት ሁሉም 6 ጊጋቢት ስለሆኑ ሳታ ላይ ማሰብ አያስፈልግም።

ኤኤምዲ እዚህ ላይ ቀድሟል። በ2010 የመጣው ኤስቢ850 ስድስቱንም ፖርት በ6 ጊጋቢት ነው የሰጠው። ከሱ በፊት የነበሩት ኤስቢ710 እና ኤስቢ750 ግን ባለ 3 ናቸው።

አንድ ጠቃሚ ነገር፦ እነዚያ ሁለት ፈጣን ፖርት ብቻ ያላቸው ኢንቴሎች ላይ ፈጣኖቹ ቁጥር 0 እና 1 ናቸው። የቦርዱ አምራች ቁጥሩን ከ1 ከጀመረ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 1 እና 2።

በቀለም መለየት አይቻልም? ሰማያዊው ፈጣን ነው ብለውኛል።

የነገራችሁ ሰው እጁ ላይ ስለነበረው ቦርድ እውነቱን ነው። ስለናንተ ቦርድ ግን አያውቅም።

ለሳታ ፖርት ቀለም የወጣ ደንብ የለም። የ2011 አካባቢ የኢንቴል ቦርዶች ላይ ሰማያዊው ባለ 6፣ ጥቁሩ ባለ 3 ነው። በዚያው ዘመን ብዙ የጊጋባይት ቦርዶች ላይ ነጩ ባለ 6፣ ሰማያዊው ባለ 3። አንዱ ጋ ፈጣን የሆነው ቀለም ሌላው ጋ ቀርፋፋ ነው። አዳዲሶቹ ቦርዶች ላይ ደግሞ ሁሉም ጥቁር ስለሆኑ ጥያቄው ራሱ ቀርቷል።

ቀለሙ የሚጠቅመው ለአንድ ነገር ነው፦ አንድ ቦርድ ላይ ሁለት ቀለም ካያችሁ «እዚህ ሁለት ዓይነት ፖርት ሊኖር ይችላል» ብላችሁ ወደ ማንዋሉ ሂዱ።

ቦርዱ ላይ «ሳታ3» ተብሎ ተጽፏል። ሳታ 3 ነው ማለት ነው?

ላይሆን ይችላል። ይሄኛው ብዙ ሰው ያስታል፣ እኔንም አስቶኛል።

የስልካችሁን መብራት አብሩና ከፖርቱ አጠገብ ያለችውን ደቃቅ ነጭ ጽሑፍ ተጠግታችሁ አንብቡ። ጽሑፎቹ ሳታ1፣ ሳታ2፣ ሳታ3፣ ሳታ4 እያሉ ከሄዱ ያ ተራ ቁጥር ነው፤ ሦስተኛው ፖርት ማለት ነው። ስለ ፍጥነቱ ምንም አልተናገረም። በአንጻሩ «ሳታ3_0» እና «ሳታ2_2» የሚል ከሆነ የፊተኛው ቁጥር ትውልዱ፣ ከሰረዙ በኋላ ያለው ተራ ቁጥሩ ነው። ጊጋባይት እንዲህ ይጽፋል። አሱስ ደግሞ «ሳታ6ጂ_1» እና «ሳታ3ጂ_3» ብሎ ፍጥነቱን በግልጽ ያስቀምጣል። እዚህ ላይ ባለ 3ጂው ቀርፋፋው መሆኑን ልብ በሉ፤ «3» ስላለ ብቻ ሳታ 3 ነው ብሎ እዚያ ላይ የሚሰካ አይጠፋም።

ግራው 300፣ ቀኙ 600 ሆኖብኛል። ከየት ልጀምር?

ከፖርቱ። ኮምፒውተሩን አጥፉ፣ የመብራቱን ገመድ ከሶኬት ንቀሉ፣ የዲስኩን የዳታ ገመድ ወደ ፈጣኑ ፖርት አዛውሩ። ዊንዶውስ ፖርት ስለተቀየረ አያኮርፍም። ካልተነሳ ባዮስ ውስጥ ገብታችሁ የማስነሻውን ቅደም ተከተል አስተካክሉ።

ፖርቱ ትክክል ሆኖ ፍጥነቱ ዝቅ ካለ ገመዱን ቀይሩ። የተጣመመ ወይም የላላ ገመድ ስህተት ሲያበዛ ሲስተሙ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ ላይ «ሲ7» በሚለው ረድፍ የሚቆጠረው የስህተት ቁጥር በየቀኑ እየጨመረ ከሆነ ጥርጣሬያችሁን ገመዱ ላይ አድርጉ። ቁጥሩ ገመድ ከተቀየረ በኋላም ወደ ዜሮ አይመለስም። መጨመሩን ካቆመ በቂ ነው።

ያገለገለ ባለ 3.5 ኢንች ሃርድ ዲስክ ከሆነ ደግሞ ከኋላው፣ ከመሰኪያው ጎን ያሉትን ትናንሽ ፒኖች እዩ። እዚያ ላይ የተሰካች ደቃቅ ፕላስቲክ ካለች ጃምፐር ናት። እንደ ቪአይኤ ቪቲ8237 ያሉ የድሮ ቺፕሴቶች ከባለ 3 ጊጋቢት ዲስክ ጋር መግባባት ስለማይችሉ፣ ዲስኩ በ1.5 እንዲሠራ ሰዎች ይህችን ይሰኩ ነበር። ዲስኩ ባለቤት ሲቀይር ጃምፐሯ አብራ ትሄዳለች።

ላፕቶፕ ላይ የዲቪዲውን ቦታ በካዲ (በዲቪዲው ቦታ ዲስክ የሚይዝ ሳጥን) ተክታችሁ ከሆነ የዚያ ፖርት ከዋናው ቀርፋፋ መሆኑ የተለመደ ነው። መፍትሔው ቦታ መለዋወጥ ነው፤ ኤስኤስዲው ዋናው ቦታ ላይ፣ ሃርድ ዲስኩ ካዲው ውስጥ።

«ሳታ 3 ገመድ» ነው ብለው በውድ ሸጡልኝ። ልዩነት አለው?

የለውም። በደንቡ መሠረት ለ3ም ለ6ም ጊጋቢት ገመዱ ያው ነው። ጥራቱ ይለያያል፣ ትውልድ ግን የለውም። የገመዱ ቀለምም ምንም ማለት አይደለም። ርዝመቱ ከ1 ሜትር አይለፍ፤ የሚቆልፍ ብረት ያለው ከተገኘ እሱን ምረጡ።

ቦርዴ ላይ ከሌሎቹ ተነጥሎ ባለ 6 ጊጋቢት ፖርት አለ። እሱን ልጠቀም?

ቺፕሴቱ ላይ ባለ 6 ካለ ያንን ምረጡ። ተነጥለው የተቀመጡት ብዙ ጊዜ እንደ ማርቬል ወይም ኤኤስሚዲያ ያለ ተጨማሪ ቺፕ የሚያንቀሳቅሳቸው ናቸው። የዚያን ዘመን ማርቬል 9128 ብትወስዱ፣ ፖርቱ 6 ጊጋቢት ቢልም ቺፑ ራሱ ከቦርዱ ጋር የተገናኘው በአንድ ባለ 500 ሜጋባይት መስመር ነው። በሩ ሰፊ፣ ኮሪደሩ ጠባብ። ፕሮግራሙ 600 ብሎ ያሳያችኋል፣ የምታገኙት ግን ከዚያ በብዙ ያነሰ ነው።

ባዮስ ውስጥ ያለው አይዲኢ እና ኤኤችሲአይስ?

ሁለቱ ኮምፒውተሩ ዲስኩን የሚያናግርባቸው ስልቶች ናቸው፤ አይዲኢ እዚህ ላይ ገመዱን ሳይሆን የድሮውን ስልት ነው የሚለው። ኤኤችሲአይ ይሁን። አይዲኢ ላይ ዲስኩ ብዙ ጥያቄዎችን በአንድ ጊዜ ተቀብሎ ማስተናገድ አይችልም።

ነገር ግን ዊንዶውስ አይዲኢ ላይ ተጭኖ ከሆነ ዝም ብላችሁ አትቀይሩት፤ ሰማያዊው የስህተት ገጽ ይመጣል። መጀመሪያ ወደ ሴፍ ሞድ (ዊንዶውስ በጣም አስፈላጊውን ብቻ ይዞ የሚነሳበት መንገድ) እንዲነሳ አዘጋጁት፣ ከዚያ ባዮሱን ቀይሩ፣ በሴፍ ሞድ አንዴ ይነሳ፣ ከዚያ ዊንዶውሱን ወደ መደበኛው አነሳስ መልሱት። ዊንዶውስ 10 ላይ በዚህ መንገድ ይሠራል።

ሌላው የባዮስ ባትሪ ነው። ማታ ማታ ከሶኬት የሚነቀል፣ ወይም መብራት እየሄደ የሚመጣበት አሮጌ ዴስክቶፕ ላይ ያቺ ክብ ባትሪ ከሞተች ባዮሱ ሁሉን ነገር ረስቶ ወደ ፋብሪካው አቀማመጥ ይመለሳል። አሮጌ ቦርዶች ላይ ይሄ ብዙ ጊዜ አይዲኢ ነው። «ትናንት ደህና ነበር፣ ዛሬ ሰማያዊ ሆነ» የሚል ሰው ሲመጣ መጀመሪያ የኮምፒውተሩን ሰዓት እዩ። ሰዓቱ ዓመታት ወደ ኋላ ከሄደ ባትሪዋን ቀይሩ።

ቦርዴ ሳታ 2 ብቻ ነው። ኤስኤስዲ ልግዛ ወይስ ማዘርቦርዱን ልቀይር?

ኤስኤስዲውን ግዙ። ያለ ማመንታት።

ተራ ሃርድ ዲስክ እየተሽከረከረ የሚያነብ ዕቃ ነው። ጥሩ የሚባለው እንኳ በሰከንድ ከ150 እስከ 250 ሜጋባይት ነው፤ የላፕቶፑ ደግሞ 100 አካባቢ። ያም ትልቅ ፋይል በተከታታይ ሲያነብ ነው። ዊንዶውስ ሲነሳ የሚነበቡት ግን ሺህ ትናንሽ ፋይሎች ናቸው፤ እዚያ ላይ ሃርድ ዲስኩ ክንዱን እያመላለሰ በሰከንድ 1 ሜጋባይት እንኳ የሚያቅተው ጊዜ አለ። ኤስኤስዲ ይህንኑ ሥራ በብዙ እጥፍ ይሠራዋል፤ እንዲያም ሆኖ የሳታ 2 ጣሪያ ጋ አይደርስም። ስለዚህ በዕለት ሥራ ላይ በሳታ 2 እና በሳታ 3 መካከል ያለውን ልዩነት ሰው አያስተውለውም። ከሃርድ ዲስክ ወደ ኤስኤስዲ ሲሸጋገር ግን ማንም ያስተውላል።

ቪዲዮ የሚያቀናብር፣ ትልልቅ ፋይል ከዲስክ ወደ ዲስክ ሲገለብጥ የሚውል ሰው ሌላ ነገር ነው። እሱ ይቀይር።

በተቃራኒው፣ ሃርድ ዲስኩን ከሳታ 2 ወደ ሳታ 3 ፖርት ማዛወር ትርፉ ድካም ነው። ፈጣን ፖርታችሁ ሁለት ብቻ ከሆነ አንዱን ለሃርድ ዲስክ አታባክኑ።

ኤም ዶት ቱ መሰኪያ አለኝ። እሱማ ፈጣን ነው አይደል?

ኤም ዶት ቱ ያለ ገመድ ቦርዱ ላይ የሚሰካ የቀጭን ዲስክ ቅርፅ ስም ነው፣ የፍጥነት አይደለም። አንዱ መሰኪያ ሳታ ብቻ ይቀበላል፣ አንዱ ኤንቪኤምኢ ብቻ፣ አንዱ ሁለቱንም። ዲስኩን ስታዩት ጫፉ ላይ ሁለት ስንጥቅ ካለው አብዛኛውን ጊዜ ሳታ ነው፣ አንድ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ኤንቪኤምኢ። ግን በዓይን ብቻ አትግዙ፣ ሞዴሉን አረጋግጡ። ኤንቪኤምኢውን ሳታ ብቻ በሚቀበል መሰኪያ ላይ ብትሰኩት ኮምፒውተሩ ጭራሽ አያየውም።

ፍጥነቱን የሚወስነው የፒሲአይ ኤክስፕረሱ ትውልድና የመስመሩ ብዛት ነው። ትውልድ 3 በአራት መስመር በሰከንድ 3.9 ጊጋባይት ገደማ፣ ትውልድ 4 የዚያ እጥፍ፣ ትውልድ 5 ደግሞ እንደገና እጥፍ። ብዙ የዜድ97 ቦርዶች ላይ ያለው ግን ትውልድ 2 በሁለት መስመር ስለሆነ 1 ጊጋባይት ላይ ይቆማል። ክሪስታል ዲስክ ኢንፎ እዚህም በግራና በቀኝ ያሳያችኋል።

ደግሞ አንድ አስደንጋጭ ነገር አለ። ብዙ ቦርዶች ላይ ኤም ዶት ቱው ሲሰካ ከሳታ ፖርቶቹ አንዱ ወይም ሁለቱ ይዘጋሉ፤ መስመሩን ስለሚጋሩ። አንድ ጎረቤቴ ፎቶ ያለበት ሃርድ ዲስኩ ሞተ ብሎ ላቡ እየወረደ መጣ። ኤንቪኤምኢ የገጠመው በዚያው ቀን ጠዋት ነው። ገመዱን ወደ ሌላ ፖርት ስናዛውረው ዲስኩ ከነፎቶው ተመለሰ።

ያገለገለ ዴስክቶፕ ልገዛ ነው። ሱቁ ውስጥ ምን ልይ?

ክሪስታል ዲስክ ኢንፎንና ሲፒዩ ዚን ሳይጫኑ የሚሠሩትን ዓይነት ፍላሽ ላይ ይዛችሁ ሂዱ። ከፍታችሁ ለማየት አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ሻጩ ፊቱን ካጠቆረ እሱም መልስ ነው።

ቺፕሴቱ ከኢንቴል 6 ተከታታይ ከሆነ፣ ማለትም ኤች61፣ ኤች67፣ ፒ67 እና ወንድሞቹ፣ አንድ ነገር ጨምራችሁ እዩ። ኢንቴል በጥር ወር 2011 መጨረሻ ላይ እነዚህን ቺፕሴቶች መላክ አቁሞ ነበር። ባለ 3 ጊጋቢቶቹ ፖርቶች ውስጥ ያለ አንድ ትራንዚስተር በጊዜ ብዛት እያረጀ ፍጥነታቸውን ያበላሽ ነበር። ለጥገናና ለመተካት 700 ሚሊዮን ዶላር ያህል እንደሚያወጣው ኩባንያው ራሱ ገምቶ ነበር። የተስተካከለው ቺፕ ቢ3 ይባላል፤ አንዳንድ አምራቾች የቦርዱ ስም ላይም ጨምረውታል። ሲፒዩ ዚ ላይ ከቺፕሴቱ ጎን ቢ2 የሚል ካያችሁና ቦርዱ ባለ 6 ጊጋቢት ፖርት ካለው፣ ዲስኮቻችሁን 0 እና 1 ላይ ብቻ ሰኩ፤ እነሱ ላይ ጉዳቱ የለም። ለዚያም ሲባል ዋጋውን አስቀንሱት።